ጓር ጋም ለጤፍ ዳቦ፦ ለጠየቅሽው እህቴ

«ልጄ ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) አይስማማትም፣ የጤፍ ዳቦዬ ሲቆረጥ ይፈረፈርብኛል። ጓር ጋም ልጨምር ወይስ ኬሚካል ነው? አብሽስ አይተካውም?» ያልሽውን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እኔም እዚሁ ጀርመን ነኝ፣ የጤፍ ዳቦ ጋግሬ እሸጣለሁ። ጉራ አይሁንብኝና የኔ ዳቦ በስሱ ተቆርጦ ቅቤ ሲቀባበት አይሰበርም።

ኬሚካል አይደለም። ጓር ህንድና ፓኪስታን በብዛት የሚበቅል ጥራጥሬ ነው፤ ልጣጩና ቡቃያው ወጥቶ መሃሉ ይፈጫል። ያ መሃሉ በአብዛኛው ጋላክቶማናን የሚባል ነገር ነው፣ ሥራው ውሃ ጠጥቶ ሊጡን መያዝ ነው።

1. ለኪሎ ዱቄት 10 ግራም ያህል በቂ ነው። ሲበዛ ዳቦው ያልበሰለ ይመስላል፣ ሆድም ይነፋል።

2. ውሃ ላይ አትበትኚው። ወዲያው ይቋጠራል፤ ቋጠሮውን ብትሰብሪው ውጩ ልጋግ፣ ውስጡ ደረቅ ዱቄት ነው። ከደረቁ ጤፍ ጋር አዋህደሽ ነው ውሃ የምትጨምሪው። ደረቁን በማንኪያ የሚቅሙ ሰዎች አሉ፣ እባክሽ እንዳትሞክሪው! እ.ኤ.አ. በ1990 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ ለማክሳት ይሸጥ የነበረ የጓር ክኒን ጉሮሮ ላይ እያበጠ ሰው ስላነቀ ነው ከገበያ የወጣው። የአውሮፓ ሕግም ሲዋጥ ለሚያብጥ ደረቅ ምግብ አይፈቅደውም። ዳቦ ውስጥ ግን ውሃውን ቀድሞ ስለሚጠጣ ለዚህ አትስጊ።

3. የምትገዢበት ቦታ። ዛሬ ለልጅሽ ብትጋግሪም ነገ ለመሸጥ ገበያ መውጣትሽ አይቀርም፣ ስለዚህ ይህን ስሚኝ። የኛው ሰው ሱቅ ከትልቅ ጆንያ እየቀነሰ በላስቲክ ይሸጥልኝ ነበር፣ ላዩ ላይ በእስክሪብቶ «ጓር» ተብሎ። የምግብ ቁጥጥሩ ሰውዬ መጣና ላስቲኩን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ «የሎት ቁጥሩ የታለ?» አለኝ፤ በየትኛው ዙር እንደተመረተ የሚያሳየውን ቁጥር ማለቱ ነው። የዚያን ቀን ዳቦ በሙሉ አስጣለኝ። ለሱቁ ስደውል «ዱቄት እኮ ነው፣ አንቺ ደግሞ ታካብጃለሽ!» የቁጥጥሩ ቢሮ ስሄድም ሴትዮዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታየኝ ፎርም ወረወረችልኝ።

ንዴቴ ሲበርድ ግን ምክንያቱ ገባኝ። እ.ኤ.አ. በ2007 ከህንድ በመጣ ጓር ውስጥ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝና ፔንታክሎሮፌኖል የሚባል የእንጨት መከላከያ መርዝ ተገኝቶ ነበር። ከዚያ በኋላ ከህንድ የሚመጣው የላቦራቶሪ ማስረጃ ይዞ እንዲገባ ተደረገ። ሱቁ ከጆንያው ሲቀንስልኝ የቀረብኝ ያ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ፋብሪካ ያሸገውን፣ የሎት ቁጥርና «ኢ 412» (E 412፣ የጓር ጋም የአውሮፓ መለያ ቁጥር) የተጻፈበትን ግዢ፣ ደረሰኙንም አስቀምጪ። እኔ ዛሬ ሁሉንም በፋይል ይዣለሁ፤ ያ ሰውዬ ሲመጣ ሳይጠይቀኝ ነው የምዘረጋለት።

የጤናውን ነገር ደግሞ የአውሮፓ ምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 እንደገና መርምሮ ለአብዛኛው ሰው አያሰጋም፣ የቀን ገደብም አያስፈልገውም ብሏል። ከ12 ሳምንት በታች ያሉ ሕፃናትን ግን ያ ምርመራ አላካተታቸውም። ክኒን የሚወስድ ሰው ቤት ውስጥ ካለ፣ በተለይ የስኳር፣ ሐኪሙን ጠይቂ፤ በብዛት ሲበላ መድኃኒት ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ሊቀንስ ይችላል።

ደግሞ እርሾ ከጎረቤት አትበደሪ። እዚህ አገር ስንዴ ወይም ገብስ ያልገባበት እርሾ ያለው ቤት ጥቂት ነው፣ ለልጅሽ ከጓሩ ይልቅ የሚያሰጋት እሱ ነው።

አብሽን በተመለከተ፣ ዘፍዝፈሽ ስትመቺው ነጭ አረፋ የሚሆነው በዚሁ በጋላክቶማናን ነው፣ ስለዚህ ሊጡን ይይዛል። እኔም ሞክሬዋለሁ። መራራውን ውሃ ደጋግመሽ ካልደፋሽ ግን ዳቦው ይመራል፣ ሽታውም አይለቅም። ልጄ አንድ ጊዜ ቀምሳ «ይሄ መድኃኒት ነው» ብላ መለሰችልኝ። ለቤት ከሆነ በትንሹ ሞክሪው፤ ለሽያጭ ግን ጓሩ ይሻልሻል።