ባሌ ለስልኩ የሚነግረውን ለእኔ አይነግረኝም

ጥያቄ፦ የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ባሌ ዝምተኛ ነው። «ምን ሆነህ ነው?» ስለው መልሱ «ምንም» ነው። በቀደም ፎቶ ፍለጋ ስልኩን ስከፍት በራሱ ድምፅ የቀረጸው ራፕ አገኘሁ። ስለ እኔ ነው። ሥራ ብፈታ ጥላኝ ትሄዳለች ብሎ እንደሚፈራ፣ ተኝቼ እያየኝ እንዳለቀሰ ይናገራል። ደንግጬ ለወንድሙ አሰማሁት። ወንድሙ ሳቀበት፣ ለባሌም ነገረው። ይኸው ከሰላምታ በቀር አናወራም። የቱን ልመን? ዝምታውን ወይስ ዘፈኑን?

መልስ፦ እህቴ፣ ዘፈኑን እመኚ። ዝምታው የሚደብቀው ያንኑ ነው።

ብዙ ወንዶች «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባሉ አድገው፣ «ፈራሁ» ማለትን ሳይለማመዱ ትዳር ይገባሉ። ሁሉን ሆድ ይፍጀው ይላሉ። ቢት (የራፕ ምት) ሲኖር ግን ይቀላል። ዓይን ለዓይን መተያየት የለም፤ ካፈረም «ዘፈን እኮ ነው» ማለት ይችላል። አባቶቻችንስ የከበዳቸውን በክራርና በእንጉርጉሮ አይደል ሲያወጡት የኖሩት?

ራፕ ፉከራ ብቻ የሚመስላቸው አሉ። አሜሪካዊው ራፐር ኤል ኤል ኩል ጄ ግን ገና በ1987 እ.ኤ.አ. ፍቅር እንደሚያስፈልገው በለሰለሰ ድምፅ ተናግሯል። ሌላው ራፐር ሜተድ ማን ከዘፋኟ ሜሪ ጄ ብላይጅ ጋር በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣው የፍቅር ራፕም ግራሚ አሸንፏል። እዚያ ላይ የሚያመሰግናት ምንም ባልነበረው ጊዜ አብራው የቆመችውን ሴት ነው። ባልሽም የሚመኘው ይህንኑ ነው፤ የሚፈራው ደግሞ ተቃራኒውን።

አሁን ግን የሚቀድም ነገር አለ። በክፋት እንዳላደረግሽው ይገባኛል። እሱ ግን ያየው ገበናው ወጥቶ ሲሳቅበት ነው። ስለዚህ ይቅርታ ጠይቂው። «ስልክህን ከፍቼ ሰማሁ፣ ለወንድምህም አሰማሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» በይውና አቁሚ። «አንተም ብትነግረኝ ኖሮ» የሚል ቅጥያ አትጨምሪ። ቅጥያው ይቅርታውን ይበላዋል። ወንድሙንም ለብቻው አግኝተሽ ቀልዱ እንዲያበቃ ንገሪው።

ከዚያ «እስቲ አሁን አውራ» ብለሽ ፊቱ አትቀመጪ። ጥንዶችን በማጥናት የሚታወቀው ጆን ጎትማን እንደሚለው፣ ሰው ልቡ በኃይል ሲመታና ሲጨነቅ ብዙ ጊዜ ጭጭ ብሎ ራሱን ይዘጋል። እንዲህ ሲሆን ቢያንስ 20 ደቂቃ ፋታ ስጪው። ጎን ለጎን ሆኖ ማውራት ይሻላል። ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ቱሉ ዲምቱ በእግር ስትሄዱ፣ ከግጥሙ አንዷን ብቻ አንሺለት፦ «ትሄዳለች ያልከው ላይ አለቀስኩ። አልሄድም።» ከልብሽ ከሆነ ብቻ። በጭቅጭቅ መሀል «ቤተሰቦቼ ጋ እሄዳለሁ» ብለሽው የምታውቂ ከሆነም፣ ያንን አብረሽ አንሺው። ወንዶች ይህን ቶሎ አይረሱም።

አንድ ነገር ግን አሳስቦኛል። ሥራ መፍታትን እንዲህ የፈራ ሰው መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሰማው ወሬ ሊኖር ይችላል። ዘፈኑን ለጊዜው ተይውና ስለ ሥራው ጠይቂው። የቤት ኪራዩን፣ የወሩን ወጪ አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ አስሉ።

ዝምታውን ለዘላለም ቻይው እያልኩሽ አይደለም። «ዘፈንህን ወድጄዋለሁ፣ ግን እኔንም አናግረኝ» የማለት መብት አለሽ። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለው፣ ወይም ተስፋ የመቁረጥ ነገር ካየሽበት ግን ሳትቆዩ ጤና ጣቢያ ወይም አማኑኤል ሆስፒታል አብራችሁ ሂዱ።