ሲስተርን ጠይቁ፦ የቀዶ ሕክምና ቁስልና መድኃኒት የማይበግራቸው ባክቴሪያዎች

ሲስተር፦ የምሠራው በሆስፒታል የኢንፌክሽን መከላከል ክፍል ነው። ስትጠይቁ ቀዶ ሕክምናው መቼና የት አካል ላይ እንደተደረገ፣ የወሰዳችሁትንም መድኃኒት ስም ጻፉ።

አባወራው፦ ሲስተር፣ ባለቤቴ በቀዶ ሕክምና ከወለደች ዘጠነኛ ቀኗ ነው። ስፌቱ ቀልቶ መግል ይዟል። ሴፍትሪያክሶን ሰባት ቀን ተወግታ ለውጥ የለም። ሌላ መርፌ ገዝተን እንጀምር?

ሲስተር፦ አትጀምሩ! ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዳት፤ ትኩሳት ካላት ሌሊትም ቢሆን። ስፌቱ ተከፍቶ መግሉ መውጣት ሊኖርበት ይችላል። ሌላ መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ለካልቸር ናሙና ይወሰድላት። ላቦራቶሪው ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚገድለውን መድኃኒት ለመለየት ሁለት ሦስት ቀን ይፈጅበታል። ክፉኛ ከታመመች ሐኪሙ ውጤቱን ሳይጠብቅ ይጀምራል፤ ናሙናው ግን ይቅደም። ክሌብሴላና ኢ. ኮላይ የተባሉት ባክቴሪያዎች ሴፍትሪያክሶንን የሚሰባብር ኢንዛይም የሚያመርቱ ዝርያዎች አሏቸው። ለእነዚህ ሰባት ቀንም አሥራ አራት ቀንም ያው ነው።

የጉለሌው፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ አንቲባዮቲክ ስንት ቀን ይወሰዳል?

ሲስተር፦ ኢንፌክሽን ከሌለ፣ ለመከላከል ብቻ ከሆነ፣ ምንም። መከላከያው የሚሰጠው ቆዳው ከመቀደዱ በፊት ባሉት 120 ደቂቃዎች ውስጥ ነው፤ ምላጩ ሲያርፍ መድኃኒቱ ሥጋው ውስጥ ደርሶ መገኘት አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መከላከያው እንዳይራዘም መክሯል። እኛ ግን «ለማንኛውም» እያልን አምስት ቀን እንጨምራለን። ያ «ለማንኛውም» አንጀት ውስጥ ያሉትን ደካሞች ገድሎ መድኃኒት የማይበግራቸውን ያነግሣል። ስንቱን ስብሰባ በዚህ ጉዳይ ተጨቃጭቄበታለሁ!

ቡና ወዳድ፦ አያቴ ቁስል በማር ታድን ነበር።

ፋርማሲስቱ፦ የገበያ ማር ከጀርም የጸዳ አይደለም።

ቡና ወዳድ፦ እናንተ ስለማትሸጡት ነው!

ፋርማሲስቱ፦ ሕክምና ላይ የሚውለው ማር በፋብሪካ የተዘጋጀ ነው፤ ከአያትህ ማሰሮ የወጣ አይደለም።

ሲስተር፦ የማር ሙግታችሁን ለብቻችሁ ጨርሱ። ስፌት ላይ ማር፣ ቅቤ፣ ከእንክብል የፈሰሰ ዱቄትም አይደረግም።

የመርካቶዋ፦ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጸጉሩን ቤት ተላጭቼ ልምጣ?

ሲስተር፦ በምላጭ አይሆንም፤ ዓይን የማያየው ጭረት ይተዋል፣ ባክቴሪያም በዚያ ይገባል። ካስፈለገ ሆስፒታሉ በማሽን ይቆርጠዋል። ገላሽን በሳሙና ታጥበሽ ሂጂ።

ስም የለሽ፦ ቁስሌ አልድን አለ፤ ምን ልውሰድ?

ሲስተር፦ የምን ቁስል? ከመቼ ጀምሮ? መጀመሪያ የጻፍኩትን አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስንት ቀን አንቲባዮቲክ ልውሰድ?

ሲስተር፦ ከላይ መልሻለሁ።

አዲስ ገቢ፦ ሐኪሙ ግን ለአምስት ቀን አዘዘልኝ።

ሲስተር፦ «ኢንፌክሽን ስላለ ነው ወይስ ለመከላከል?» ብለህ እርሱኑ ጠይቀው። እስክትጠይቀው ድረስ በራስህ አታቋርጥ።