የመኪና ስፕሬይ ለሞዴል ፉርጎ ይሆናል ወይ? ደሴ ሆኖ ለጠየቀው ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። አጎትህ ከጀርመን ያመጣልህ ባለ 1:87፣ ማለትም ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ፣ የመንገደኛ ፉርጎ አለ። የድሮውን ቀለም አንስተህ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ልትቀባው ትፈልጋለህ። ደሴ ውስጥ የሞዴል ቀለም ስላጣህ የመኪና ስፕሬይ ይሆን እንደሆነ ጠይቀሃል። ይሆናል። እኔም ኮምቦልቻ ሆኜ የምሠራው በእሱ ነው። ብቻ አንድ ነገር ያዝልኝ፤ ሥራውን የሚያሳምረውም የሚያበላሸውም የቀለሙ ውፍረት ነው።

ሒሳቡን እየው። እዚህ ሞዴል ላይ 0.1 ሚሊ ሜትር የወፈረ ቀለም እውነተኛው ፉርጎ ላይ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የበሩ መስመርና የመስኮቱ ጠርዝ እዚያ ውስጥ ይሰምጣሉ። ፋብሪካው የደከመበት ዝርዝር ሁሉ ሲድበሰበስ ማየት ያሳዝናል። ስለዚህ በአሮጌው ላይ አልደርብም፣ አነሳዋለሁ ማለትህ ትክክል ነው።

መጀመሪያ ፍታው። ጣሪያው፣ መስታወቱ፣ ወንበሮቹ፣ ከሥር ጎማዎቹን የያዙት ቦጊዎች ሁሉ ይውጡ። ቀለሙን ለማንሳት አሴቶን፣ ቲነርና ቤንዚን አታስጠጋ። አብዛኛው የሞዴል ፕላስቲክ ፖሊስታይሪን ነው፤ በእነዚህ ይሟሟል። ከፋርማሲ አልኮል ግዛና ክዳን ባለው ዕቃ ዘፍዝፈው። ጥቂት ሰዓት ቆይተህ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግ ፈተግ አድርገው። እምቢ ካለ የፍሬን ዘይት አለ። ቆዳ ስለሚጎዳ ጓንት አድርግ፣ ልጆች እንዳይደርሱበትም ተጠንቀቅ። የትኛውንም ፈሳሽ ከመጠቀምህ በፊት ከሥር በኩል፣ የማይታይ ቦታ ላይ ጠብታ አድርገህ ሞክር። ፕላስቲኩ ካጣበቀ ወይም ከለሰለሰ ተወው። ሲያልቅ በላርጎና ለብ ባለ ውኃ እጠበውና በደንብ ይድረቅ። ከዚያ በኋላ ገላውን በባዶ ጣት አትንካው፤ የእጅ ቅባት ያረፈበት ቦታ ቀለም አይዝም።

አሁን ወደ አየሩ እንምጣ። ደሴ ላለ ሰው ትልቁ ነገር እሱ ነው። ክረምት ላይ፣ በተለይ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ለብሶ በዋለበት ቀን፣ ስፕሬይ አትርጭ። በስፕሬዩ ውስጥ ያለው ማሟሟያ ቶሎ ሲተን የፉርጎውን ገላ ያቀዘቅዘዋል። ያኔ የአየሩ እርጥበት እላዩ ላይ ጤዛ ይሆናል። ቀለሙ ነጣ ብሎ፣ ወተት የፈሰሰበት መስሎ ይደርቃል። ብዙ ሰው ቀለሙ ተበላሽቶ የተሸጠለት ይመስለዋል፤ ጥፋቱ የአየሩ ነው። መስከረም እስኪጠባ ጠብቅ፤ ካልቻልክ ፀሐይ በወጣበት ቀን ኮምቦልቻ ውረድ። እኛ ጋ ይሞቃል፣ ግን አቧራ አለ። ስለዚህ እኔ ጠዋት ነፋስ ሳይነሳ እረጭና ወዲያው ካርቶን እደፋበታለሁ። ጣሳው ከቀዘቀዘ ለብ ያለ ውኃ ውስጥ ትንሽ አቆየው። እሳት አጠገብ ግን በፍጹም! ይፈነዳል።

አረጫጨቱ እንዲህ ነው። ጣሳውን ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር አርቀህ ያዝ። መርጨት የምትጀምረው ከፉርጎው ጫፍ ውጪ ባለው ባዶ ቦታ ነው። ሳትቆም አልፈህ፣ ከሌላኛው ጫፍ ውጪ ጣትህን ታነሳለህ። እላዩ ላይ ከጀመርክ ወይም ካቆምክ ቀለሙ ይጠራቀምና ይንጠባጠባል። የመጀመሪያው ዙር ፕላስቲኩን መሸፈን የለበትም። ከሥሩ እያሳየ ነጠብጣብ ብሎ ይቀመጥ። የመኪና ስፕሬይ በአንዴ በብዛት ሲያርፍበት ፕላስቲኩን ሊበላው ይችላል፤ ይህ ስስ ዙር ሲደርቅ ግን ለሚቀጥለው መከላከያ ይሆነዋል። እንዲህ እያልክ በስሱ ደጋግም። ከሁሉም በፊት ግን ነጣ ያለ ግራጫ ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙ እንዲይዝ ከሥር የሚረጭ መነሻ ቀለም፣ ይቅደም።

ከሦስቱ ቀለማት ቢጫው ይቀድማል። ቢጫ የመሸፈን አቅሙ ደካማ ስለሆነ አረንጓዴ ወይም ቀይ ላይ ካረፈ ይቆሽሻል። ቢጫው በደንብ ከደረቀ በኋላ ቢጫ ሆኖ የሚቀረውን በማስኪንግ ቴፕ ሸፍን። የቴፑን ጠርዝ በከተር አዲስ አድርገህ ቁረጠው፤ ፋብሪካ የቆረጠው ጠርዝ ጥራት የለውም። ቀጥሎ የቴፑ ጠርዝ ላይ ያንኑ ቢጫ በስሱ እርጭበት። ሊሰርግ ያለው ቢጫ ይሆንና ቀዳዳውን ይደፍነዋል፤ አረንጓዴው ሲመጣ የሚገባበት የለውም። መስመሩ እንደ ምላጭ ቀጥ ብሎ ይወጣልሃል። እኔ ይቺን ከማውቅ ወዲህ የመስመር ጣጣ አላየሁም።

ነጭ ጽሑፍ ከፈለግክ የኮፒ ቤት ፕሪንተር ነጭ ቀለም የለውም። ጽሑፉ ነጭ ቦታ ሆኖ እንዲቀር ዙሪያውን በፉርጎው ቀለም ነጭ ወረቀት ላይ አሳትመውና ወረቀቱን ከጀርባው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት አሳሳው። ቆርጠህ ከመለጠፍህ በፊት የወረቀቱን ጠርዝ በዚያው ቀለም ነካ አድርገው፤ ካለዚያ ነጭ ክር ሆኖ ይታያል። ለበሩ እጀታ ከተቃጠለ ሞተር የሚወጣ 0.3 ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ተጠቀም። እውነተኛው እጀታ 25 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ለ87 ሲካፈል ልክ እሱን ይሰጥሃል።

አንድ ነገር ልጨምር። አጎትህ ያመጣው ፉርጎ ሐዲዱ 16.5 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ከሆነ የሚወክለው የ1435 ሚሊ ሜትሩን መስመር ነው። መስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ መስመር በዚህ ስፋት ነው። ከአዋሽ በኛ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የተዘረጋውም እንደዚሁ። የድሮው የለገሃር ባቡር ግን 1000 ሚሊ ሜትር ነበር፤ በ1:87 ለእሱ የሚሆነው 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ነው። ስለዚህ አዲሱን ባቡር አስመስለህ ቀባው፣ ያምርበታል። ርዝመቱንም ለካው። 25.5 ሜትር የሆነው የቻይና የመንገደኛ ፉርጎ በሞዴል 293 ሚሊ ሜትር ነው የሚመጣው። አንዳንድ ፋብሪካ ጠባብ ኩርባ ላይ እንዲዞር ብሎ ሞዴሉን ስለሚያሳጥረው ያንተ አጠር ቢል አይግረምህ።

ስትገጥመው የጎማዎቹ መርገጫ ላይ ቀለም እንዳይኖር። ክብደቱንም እየው። የአሜሪካው የሞዴል ባቡር ማኅበር ለዚህ መጠን 28 ግራም መነሻ ይዞ፣ ለየ2.5 ሴንቲ ሜትሩ ርዝመት 14 ግራም ጨምሩ ይላል። ለ293 ሚሊ ሜትሩ ወደ 190 ግራም መሆኑ ነው። ከጎደለው ጎሚስታ ቤት የሚለጠፈውን የጎማ ባላንስ ጠይቅና ወለሉ ላይ፣ መሀል ለመሀል ለጥፈው።

ከመጀመርህ በፊት የፉርጎውን ሥሩን ፎቶ አንስተህ እዚሁ ለጥፍልኝ። የፋብሪካው ስም እዚያ ስለሚጻፍ ጣሪያው በየት በኩል እንደሚከፈት አብረን እናያለን።