ቶዮታ እኮ አይበላሽም!

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ አንድ ቦታ ናቸው፦ ፈረንሳይ፣ ሌ ማን። መኪኖች 24 ሰዓት ሙሉ፣ ቀንና ሌሊት የሚሽቀዳደሙበት ከተማ ነው። ውድድሩ ከ1923 ጀምሮ አለ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ሹፌሮቹ አይተኙም እንዴ? አሸናፊውስ በምን ይታወቃል? (ከአዳማ)

ይተኛሉ፣ እንቅልፍ ከወሰዳቸው። አንድ መኪና ሦስት ሹፌር አለው፤ ተራ በተራ ይነዳሉ። አንድ ሰው በጠቅላላው ከ14 ሰዓት በላይ መሪ መያዝ አይፈቀድለትም። በእኛ ሰዓት ቅዳሜ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ይነሳሉ፤ እሁድ በዚያው ሰዓት ያበቃል።

አሸናፊው በዚያ ጊዜ ውስጥ ብዙ ርቀት የሸፈነው ነው። ሪከርዱን በ2010 የያዘው ኦዲ ነው፤ 5,410 ኪሎ ሜትር። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር መስመር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ያንን መንገድ በአንድ ቀን ሰባት ጊዜ ሄዶ ትርፍ አለው ማለት ነው። ነዳጅ የተቀዳበትና ጎማ የተቀየረበት ጊዜ ሁሉ እዚያው ውስጥ ነው። ጋራዥ ገብቶ አሥር ደቂቃ የቆመ መኪና ወደ ሦስት ዙር ያጣል። አንዱ ዙር 13.6 ኪሎ ሜትር ነው፤ 40 ኪሎ ሜትር በቁሙ ተበላ። ይህን በፍጥነት አካክሳለሁ ያለ ሹፌር ብዙ ጊዜ መጨረሻው አጥር ነው።

ቶዮታ አይበላሽም ስንባል ነው ያደግነው። ታዲያ ሌ ማን ላይ ያን ሁሉ ዓመት ለምን ተሸነፈ? (ከደሴ፣ የቀድሞ የታክሲ ባለቤት)

ጋሼ፣ ቁስሌን ነው የነኩት። ቶዮታ እዚያ መሮጥ የጀመረው በ1985 ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው ግን በ2018። በመሃል ብዙ ጊዜ ለጥቂት አምልጦታል፤ እንደ 2016ቱ የሚያንገበግብ ግን የለም።

ከ23 ሰዓት ከ50 ደቂቃ በላይ አልፏል። ካዙኪ ናካጂማ የሚነዳው ቶዮታ እየመራ ነው። ፖርሽ ሁለተኛ ነው፣ ሊደርስበትም አይችልም። መካኒኮቹ ለደስታ ተዘጋጅተዋል። ድንገት ናካጂማ በራዲዮ ኃይል የለኝም እያለ መጮህ ጀመረ። መኪናው እየተንፏቀቀ መጥቶ የራሱ ቡድን ፊት ለፊት፣ መስመሩ ላይ ቆመ። የቀረው ሦስት ደቂቃ ገደማ ነበር። ፖርሹ በጎኑ አልፎ ሄደ። እኔ ቤት ሆኜ እያየሁ የያዝኩት ቡና ቀዝቅዞ ቀረ።

ቶዮታው እንደምንም ተነስቶ የመጨረሻውን ዙር ጨረሰ። ግን ከተፈቀደው ሰዓት በላይ ስለወሰደ ደረጃ እንኳን አልተሰጠውም።

ምክንያቱን በኋላ ነገሩን፦ አየር ወደ ሞተሩ ገፍቶ ከሚያስገባው ከቱርቦው፣ ያንን አየር ወደሚያቀዘቅዘው ክፍል በሚሄደው ቱቦ ላይ ያለ አንድ ማጋጠሚያ ነው ጉድ የሠራቸው። ሞተሩ ደህና ነው፣ ካምቢዮው ደህና ነው። ናካጂማ ግን ካሳውን አግኝቷል፤ በ2018፣ በ2019 እና በ2020 አሸናፊ ከሆኑት ሦስት ሹፌሮች አንዱ እሱ ነው። ቶዮታም እስከ 2022 አምስት ዓመት በተከታታይ ወሰደው። ስለዚህ አባባልዎን አይጣሉት፤ «ማጋጠሚያውን ሳይጨምር» ይበሉበት።

ፖርሽ 911 ጂቲ3 እውነት የውድድር መኪና ነው ወይስ ስሙን ነው የሚሸጡልን? (ከዱባይ)

ዝምድናው እውነት ነው። ሌ ማን ላይ ከ2024 ጀምሮ ጂቲ3 የሚባሉት መኪኖች የራሳቸው ምድብ አላቸው። እነሱ መነሻቸው ታርጋ ለጥፈህ የምትነዳው መኪና ነው። ለአጠቃላይ አሸናፊነት የሚፋለሙት ከላይ ያሉት ግን ሌላ ናቸው። ለምሳሌ ፌራሪ 499ፒን የሚመስል መኪና ማሳያ ክፍል ገብተህ አትገዛም።

ድሮ ደንቡ መኪናውን አብዝታችሁ ሥሩ ይል ነበር። በ1969 ፖርሽ 917ን ለማስፈቀድ 25 መኪና ሠርቶ ፋብሪካው ግቢ ውስጥ ደርድሮ ለተቆጣጣሪዎች አሳየ። የፈለጋችሁትን መርጣችሁ ንዱ ተብለው እምቢ አሉ ይባላል። ብልህ ሰዎች ናቸው፤ 917 መጀመሪያ ላይ ነፍስ የሚያስጨንቅ መኪና ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን ለፖርሽ የመጀመሪያውን የሌ ማን ድል አመጣለት።

አሁን አገራችን የሚገባው ኤሌክትሪክ መኪና ነው። የእነሱ ውድድር ለእኔ ምን ያደርግልኛል? (ከአዲስ አበባ)

መጀመሪያ ጎረቤትህ ያቆማትን ቪትዝ የፊት ጎማ ጎንበስ ብለህ እይ። በውስጡ የሚያብረቀርቀው ክብ ብረት ዲስክ ፍሬን ነው። በ1953 ጃጓር ሌ ማንን ያሸነፈው በዲስክ ፍሬን ነው። ተፎካካሪዎቹ የያዙት ከበሮ ፍሬን ሙቀቱን አፍኖ ስለሚይዝ ደጋግመው ሲረግጡት ይደክማል። ዲስክ ግን ነፋስ ያገኘዋል።

ወደ ኤሌክትሪክ ስንመጣ፣ ከ2015 እስከ 2017 ሦስት ጊዜ ያሸነፈው ፖርሽ 919 ግማሽ ነዳጅ፣ ግማሽ ኤሌክትሪክ ነበር። የኤሌክትሪኩ ክፍል በ800 ቮልት ይሠራል። ያው አሠራር በ2019 በወጣው የኤሌክትሪክ መኪናቸው በታይካን ላይ መጣ። ጥቅሙ ቀላል ነው። ቮልቱን እጥፍ ስታደርገው ለዚያው ኃይል የሚያስፈልግህ የኤሌክትሪክ ፍሰት በግማሽ ይቀንሳል፤ ሽቦው ውስጥ የሚባክነው ሙቀት ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። ሽቦው ይቀጥናል፣ ቻርጁም ይፈጥናል። ሌሎች ፋብሪካዎችም ተከትለዋል። የምትገዛው መኪና ስንት ቮልት እንደሆነ ሻጩን ጠይቀው፤ ፊቱን አይተህ መኪናውን ያውቀው እንደሆነም ትረዳለህ።

ነዳጃቸው ወይን ነው የሚባለው እውነት ነው? (ከባህር ዳር)

አተላ ነው በለው። ከ2022 ጀምሮ የሚቀዱት ነዳጅ የሚሠራው ወይን ጠጅ ሲጠመቅ ከሚተርፈው ዝቃጭ ነው። እኛ ለከብት የምንሰጠውን እነሱ ለፌራሪ።

እኔ አትላንታ ነኝ። ፈረንሳይ ድረስ ሳልሄድ የት ልይ? (ሁለት ልጆች ያሏት እናት)

ደጅሽ ላይ ነው። ብራስልተን የሚባለው ቦታ፣ ከከተማው አንድ ሰዓት ገደማ ነድተሽ፣ ሮድ አትላንታን ታገኛለሽ። በየዓመቱ በጥቅምት ወር ገደማ «ፔቲ ሌ ማን»፣ ማለትም ትንሹ ሌ ማን፣ እዚያ ይካሄዳል። የሚፈጀው አሥር ሰዓት ነው፤ ጠዋት ወይም እኩለ ቀን ላይ ጀምሮ በጨለማ ያልቃል። ከመነሳቱ በፊት ተመልካች ወደ ሜዳው ገብቶ መኪኖቹ አጠገብ እንዲቆም ይፈቀድለታል፤ ልጆቹን ለዚያ አድርሻቸው። ማጠፊያ ወንበርና ብርድ ልብስ ያዢ። የጆሮ መከላከያው ግን መጀመሪያ ቦርሳሽ ውስጥ ይግባ፣ ለሦስታችሁም።