ስንዝር የምታክል ሻርክ፦ የቅዳሜ ማታ ጥያቄና መልስ

ሀዋሳ ውስጥ ያለን የዓሣ ወዳጆች በቴሌግራም ያደረግነው ነው። ጠያቂዎቹን በየሰፈራቸው ጠርተናቸዋል። የሚመልሱልን ጋሼ ጡረተኛ የዓሣ መምህር ናቸው።

ጋሼ፦ እንደምን አመሻችሁ። የዛሬዋ ድንክ ፋኖስ ሻርክ ናት። የምትኖረው በካሪቢያን ባሕር፣ ከኮሎምቢያና ከቬንዙዌላ ዳርቻ ወዲያ፣ ከ283 እስከ 439 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። ሳይንስ የመዘገባት በ1985 እ.ኤ.አ. ነው። ትልቋ ስትለካ 21 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። አንድ ስንዝር በሉት። አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር፦ ሻርክ ዓሣ ነባሪ አይደለም። ዓሣ ነባሪ ጡት አጥቢ ነው። በቃ፣ ጠይቁ።

ከታቦር፦ እኛ ሐይቅ ውስጥ ትኖራለች?

ጋሼ፦ የባሕር ናት አልኩ እኮ። የእኛ ሐይቅ ጥልቅ ቢባል ከ20 ሜትር ብዙም አያልፍ።

ከፒያሳ፦ ሰው ትበላለች?

ጋሼ፦ በዚያች አፍ? ቀጥሉ።

ከአቶቴ፦ ፋኖስ የተባለችው ለምንድን ነው?

ጋሼ፦ እሰይ፣ ጥያቄ መጣ! ሆዷ ላይ የሚያበሩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች አሉ። የምታበራው ለመታየት እንዳይመስላችሁ፣ ለመደበቅ ነው። ሐይቁ ዳር ዓሣ ገበያው፣ አሞራ ገደል ወርዳችሁ ገና ከጀልባ የወረደ ቆሮሶ፣ ያንን የሐይቃችንን ዓሣ፣ አገላብጣችሁ እዩ። ጀርባው ጠቆር፣ ሆዱ ነጣ ያለ ነው። ከላይ ሲያዩት ከውሃው፣ ከታች ሲያዩት ከሰማዩ ጋር ይመሳሰላል። 400 ሜትር ላይ ግን የሚደርሰው ብርሃን ጭላንጭል ነው። ነጭ ሆድ ብቻውን አያዋጣም፤ ከታች ላለ አዳኝ እንደ ጥላ ትታየዋለች። ስለዚህ ሆዷን በጭላንጭሉ ልክ ታበራና ጥላዋን ታጠፋለች። አትላንቲክ ውስጥ ያለች ዘመዷ ላይ ደግሞ መብራቱን የሚያዘው ሆርሞን መሆኑ ታውቋል። አንዱ ሜላቶኒን ነው። እኛን ማታ ማታ እንቅልፍ እንቅልፍ የሚያሰኘን እሱው ራሱ!

ከሞኖፖል፦ ጋሼ፣ ቆሮሶን ካነሱ አይቀር፣ አሁንማ እሱም ስንዝር አልሞላ ብሏል።

ከአሮጌ ገበያ፦ የመረቡ ቀዳዳ ጠቦ ነዋ።

ከሞኖፖል፦ የምን መረብ፣ አጥማጁ በዝቶ ነው እንጂ።

ከአሮጌ ገበያ፦ አጥማጁ በምንድን ነው የሚያጠምደው ታዲያ? በእጁ?

ጋሼ፦ ወደ ባሕሩ ተመለሱ። የቆሮሶ ክርክር ሌላ ቅዳሜ።

ከመናኸሪያ፦ ስለ ሻርክ ይንገሩን።

ጋሼ፦ ምኑን? ጥያቄ አምጣ።

ከመናኸሪያ፦ እሺ፣ እንቁላል ትጥላለች?

ጋሼ፦ አትጥልም። እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ይፈለፈላል፣ ጽንሱም አስኳሉን እየበላ ያድጋል። የምትወልደው 2 ወይም 3 ብቻ ነው፤ ሲወለዱ 6 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ነው። እናት ቆሮሶ እኮ በመቶ የሚቆጠር እንቁላል አፏ ውስጥ ትታቀፋለች። መረብ መረብ ያላችሁት ልጆች፣ እቺ ብትጠመድ ቶሎ የምትተካ ይመስላችኋል?

ከአላሙራ፦ ያ ሁሉ ውሃ አይጨፈልቃትም?

ጋሼ፦ ጥሩ። ቆሮሶ ሲዘነጠል ሆዱ ውስጥ ያለችውን ነጭ ፊኛ ታውቋታላችሁ፤ ልጆች ረግጠው የሚያፈነዷት። አየር ነው ያለባት፣ ቆሮሶ የሚንሳፈፈው በሷ ነው። ሻርክ ፊኛ የለውም። 400 ሜትር ላይ ያለው ግፊት ከባሕሩ ገጽ ላይ ካለው 40 እጥፍ ገደማ ነው፣ ግን የሚጨፈለቅ አየር ከየት ይመጣል? በፊኛ ፈንታ ትልቅ፣ ዘይታም ጉበት አላት። ዘይት ከውሃ ይቀላል።

ከታቦር፦ ከዓሣ ነባሪዎች ሁሉ ትንሿ ናት ማለት ነው?

ጋሼ፦ ዓሣ ነባሪ አይደለችም! ከላይ ጽፌያለሁ፣ አንብብ።

ከፒያሳ፦ ሰው ትበላ እንደሆነ ግን በደንብ አልመለሱልንም።

ጋሼ፦ ደህና እደሩ።