ጎረቤት ያልተጠራበት ዝክር

በውጭ አገር ያላችሁ እኅት ወንድሞቼ፣ አሜሪካ ሜሪላንድ 22 ዓመት ኖሬ ነው አገሬ የገባሁት። ይህን የምጽፍላችሁ አራት ኪሎ ካለው ቤቴ፣ የኅዳር ሚካኤልን ሊጥ አቡክቼ ኩፍ እስኪል እየጠበቅኩ ነው።

ልጅ ሆኜ ካዛንቺስ ስንኖር እናቴ ኅዳር 12 ትዘክር ነበር። ድፎውን በኮባ ጠቅልላ ስትደፋ የእኔ ሥራ በየበሩ እየዞሩ «እማዬ ኑ ብላለች» ማለት ነው። ሙስሊሟ ጎረቤታችን ቀርተው አያውቁም። ለእሳቸው ጠላ አይቀዳም፣ የእኛን ሥጋ ስለማይበሉም የጾም ወጥ ለብቻው ይቀመጥላቸዋል። ቄሱ ባርከው ዳቦው ሲቆረስ እሳቸውም ሻሻቸውን አስተካክለው በጸጥታ ይጠብቃሉ። በረመዳን ደግሞ ሳምቡሳው በእኛው ሳህን ይመጣል። እናቴ ለማንም ስትሰብክ ሰምቼ አላውቅም፤ ግን ለምን እንደምትዘክር የማያውቅ የግቢ ሰው አልነበረም። ያ ግቢ በ2017 ከሰፈሩ ጋር ፈረሰ።

እኔ አሜሪካ ስሄድ ዝክሩን ይዤ ጎረቤቱን ተውኩት። ኅዳር ሚካኤል በመጣ ቁጥር አርባ ደቂቃ ነድተው የሚመጡ ሐበሾች ቤቴን ይሞሉታል፤ ግድግዳ የሚለየን አሮጊት ግን ነጠላ የለበሰው ሰው ሲገባ ሲወጣ በመስኮት ያያሉ። ሰባት ዓመት እንዲህ አለፈ። ዛሬም የሚቆጨኝ ይህ ነው።

በስምንተኛው ዓመት ጠራኋቸው። መጡ፣ በሉ፣ ደስ አላቸው። እኔ ግን ሳይጠይቁኝ ስለ ነፍስ መዳን አንድ ሰዓት ያህል አወራሁባቸው። የያዙትን ስኒ ሳይጨርሱ አስቀምጠው አመስግነው ወጡ፤ እስከ ፋሲካ ድረስም ቤቴን አልረገጡም። ሐዋርያው ጴጥሮስ ስለ ተስፋችሁ «ለሚጠይቋችሁ» መልስ ለመስጠት ተዘጋጁ፣ እሱንም በየዋህነት አድርጉት ነው ያለው። እኔ መልሱን ከጥያቄው አስቀደምኩ።

ስለዚህ ምክሬ፦ ጥሩ፣ አብሉ፣ ጸሎታችሁን ግን አትደብቁ። እንግዳ አለ ብላችሁ የማዕዱን ጸሎት አትዝለሉ፤ ለእንግዳው ብላችሁም አታስረዝሙት። «አሁን ምን አላችሁ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ አይጠፋም። «ዛሬ ምንድን ነው በዓሉ?» ሲሏችሁ ደግሞ ዱራታኦስንና ቴዎብስታን ንገሯቸው፤ ችግር ቢጸናባቸውም የሚካኤልን የወር ዝክር ያላቋረጡትን ባልና ሚስት። ታሪኩ ከአንድ ስኒ ቡና በላይ አይፈጅም። ኅዳር 12 የሚውለው አሜሪካኖቹ የምስጋና በዓላቸውን በሚያከብሩበት ሰሞን ስለሆነ ዘክሮ ማመስገን ለእነሱም እንግዳ ነገር አይሆንባቸውም።

ስለ ምግቡ፦ የጾም በያይነቱ ከብዙ ጣጣ ያድናችኋል። ሙስሊሙም ሂንዱውም ሥጋ የማይበላውም አብረው ይቀመጣሉ። ጤፍ ግሉተን የለውም ብላችሁ ግን አትመኩ፤ ውጭ የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ስለሚቀላቀልበት ሰው እንዳይታመምባችሁ ጠይቃችሁ ግዙ። ከሰል ቤት ውስጥ ፈጽሞ አታቀጣጥሉ፣ የማይታየው ጋዙ ይገድላል። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ቁሉት፤ ዕጣኑም ቁንጥር ይበቃዋል፣ አስም ያለበት ሰው ካለ ደግሞ ይቅር። ቡናውን እስከ በረካ አድርሱት እንጂ በአቦል አታሰናብቱ። ሰው የልቡን የሚያወጣው ቡናው ከቀጠነ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ እናንተ አድምጡ።

ደግሞ ሲጠሯችሁ ሂዱ። ብዙዎቻችን ሰው መጋበዝ እንወዳለን፣ ሰው ሲጋብዘን ግን ሰበብ እናበዛለን። ጌታችን ሳምራዊቷን «ውኃ አጠጪኝ» ብሎ ነው የጀመራት፤ ዘኬዎስንም ቤትህ እውላለሁ አለው። ረቡዕ፣ ዓርብ ወይም ሁዳዴ ከሆነ ጾም መሆኑን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ያበሰሉት ሳይበላ ቢቀር ያዝናሉ፤ ቀድመው ካወቁ ግን ተጨንቀው የሚሆናችሁን ይሠራሉ።

እኔም አሮጊቷን ያገኘኋቸው በዚሁ ነው። ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን እሳቸው በራቸውን ከፍተው ሻይ ጠሩኝ። ስለ ሟች ባላቸው አወሩኝ፣ እኔም ሰማሁ። ልወጣ ስነሳ እጄን ይዘው «ያን ዕለት ዳቦው ሲቆረስ የተጸለየውን ጸሎት ለእሱም ትይልኛለሽ?» አሉኝ። እዚያው ቆመን አልኩላቸው።