ሐይቁ ደረቀ፣ ውሃው ግን ዳገት ወጣ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። ፍሬሽማን ጨርሰሽ ዲፓርትመንት ልትመርጪ ነው። የውሃ ትምህርት ይስብሻል። ግን «የምድር ሀብት ማለቁ ካልቀረ ሳይንስ ምን ያመጣል? አርፌ አካውንቲንግ ልማር?» ትያለሽ። አባትሽ ደግሞ ሱቁን እንድትይዢላቸው ይፈልጋሉ።

የሐረር ልጅ ስለሆንሽ ከሐረማያ ልጀምር። ከተማሽ ለዓመታት የጠጣችው ከዚያ ሐይቅ ነበር። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ሐይቁ ደረቀ። ያደረቀው የዝናብ እጥረት ብቻ አይደለም። ከተማው ይስባል፣ ገበሬው ለጫቱና ለአትክልቱ በሞተር ፓምፕ ይስባል፣ ከተራራው የሚታጠበው አፈር ደግሞ ሥሩን ይሞላል። ልብ በይ፣ ፓምፑም የሳይንስ ልጅ ነው።

ሐረር ግን አልተሰደደችም። እኛ ጋ፣ ድሬዳዋ አቅራቢያ፣ ጉድጓድ ተቆፍሮ ውሃው ሽቅብ ተገፋ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር ከ1,800 በላይ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 1 ሜትር ኩብ ውሃ ማለት 50 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። እሱን 600 ሜትር ለማንሳት ብቻ፣ ቱቦውና ፓምፑ የሚያባክኑትን ትተን፣ 1.6 ኪሎዋት ሰዓት መብራት ይበላል። የውሃ ችግር የነበረው የመብራት ችግርም ሆነ ማለት ነው።

ለጥያቄሽ ያለኝ መልስ ይሄው ነው። ሳይንስ አንዱን እጥረት በሌላ ይለውጣል እንጂ እጥረትን ጨርሶ አያጠፋም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1898 እንግሊዛዊው ኬሚስት ዊልያም ክሩክስ ከቺሊ በረሃ የሚቆፈረው ማዳበሪያ ያልቃል፣ ስንዴም ያጥራል ብሎ አስጠነቀቀ። በ1909 ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሀበር ከአየር ናይትሮጅን የማዳበሪያ መነሻ የሆነውን አሞኒያ ሠርቶ አሳየ። ዛሬ ገበሬው የሚበትነው ዩሪያ የመጣው ከዚያ ነው። ግን አሞኒያው በብዛት የሚሠራው በተፈጥሮ ጋዝ ስለሆነ፣ ጋዝ ሲወደድ ማዳበሪያውም ይወደዳል።

አጠገብሽም ምሳሌ አለ። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን የያዙት እዚያው ዓለማያ፣ የዛሬው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ነው። አቀንጭራን፣ ማለትም የማሽላን ሥር የሚመጥ አረም፣ የሚቋቋም ማሽላ አውጥተው በፈረንጆች 2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወሰዱ። አዲስ መሬት አልፈጠሩም። አቀንጭራ ይበላው የነበረው ማሽላ ገበሬው እጅ ቀረ።

ስለዚህ «ያልቃል ወይስ አያልቅም» ብለሽ አትምረጪ። አዲሱ እጥረት የት ጋ እንደሆነ እዪ፣ ሰው የሚፈለገው እዚያ ነው። ድሬ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። የኔን ማንቆርቆሪያ ብታዪ ውስጡ ነጭ ኖራ ጋግሯል፣ በጥፍር አይነሳም። ቱቦ ውስጥም እንዲሁ ይጋገራል። የጉድጓዱን ውሃ ደረጃ በየወሩ የሚለካ፣ ቱቦው የት እንደሚያፈስ የሚፈልግ፣ ፓምፑን በሶላር የሚያሠራ ሰው ያስፈልጋል። እኔ ብሆን ሃይድሮጂኦሎጂን፣ ማለትም የከርሰ ምድር ውሃ ጥናትን፣ ወይም የመስኖ ምህንድስናን አስቀድም ነበር፣ ጂአይኤስ የሚባለውን የኮምፒውተር ካርታ ሥራና ኤክሴልንም ጎን ለጎን።

ግን አልዋሽሽም። የመንግሥት ቅጥር ማስታወቂያ ስትጠብቂ ዓመት ሊያልፍ ይችላል። የቁፋሮ ኮንትራክተር ጋ ቀድመሽ ከገባሽ ደግሞ ድንኳን፣ አቧራና ሌሊት የሚጮህ ማሽን አለ። ደመወዙ መጀመሪያ ላይ አያኮራም። አካውንቲንግም ነውር የለበትም፣ ፈርተሽ እንዳትገቢበት ብቻ። ለአባትሽ ክረምቱን ሱቅ እንደምትውዪ ንገሪያቸው፣ ትንሽ ይበርዳሉ።

ፎርሙን ከመሙላትሽ በፊት አስፈቅደሽ አንድ ቀን ከፓምፕ ኦፕሬተር ጋር ዋዪ። ስንት ሰዓት እንደሠራ፣ መቼ መብራት እንደሄደ፣ ስንት ሜትር ኩብ እንደገፋ የሚጽፍበትን መዝገብ እንዲያሳይሽ ለምኚው። መዝገቡን ስታገላብጪ ካዛጋሽ ጻፊልኝ፣ ያኔ ስለ አካውንቲንግ እናወራለን።